ለአሮጌ ላፕቶፕ የሚሆን ስርዓተ ክወና፦ በአንድ ጽሕፈት ቤት የተፈተኑ አራት ሊኑክሶች

ታላቅ እህቴ በምትሠራበት አነስተኛ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የኮፒ ቤት ውስጥ ያለው ላፕቶፕ ዴል ላቲቲዩድ ኢ6400 ነው። ሞዴሉ ገበያ ላይ የዋለው በ2008 እ.ኤ.አ. ሲሆን ኮር 2 ዱዎ ፕሮሰሰር፣ 2 ጊጋባይት ራምና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነበረው፤ ባትሪው ቻርጅ መያዝ ካቆመ ስለቆየ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ከጠዋት እስከ ማታ ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውልና ሲቪ ይጻፍበታል፤ ደንበኛ በቴሌግራም የላከው ፋይል ወርዶ ይታተምበታል። ከዚህ የዘለለ ሥራ የለበትም። የሚከተለው የአራቱ ሊኑክሶች (የፓፒ፣ የአንቲኤክስ፣ የሉቡንቱና የሚንት) ግምገማም የተጻፈው ለዚህ ዓይነቱ ማሽንና ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ስለሆነ፣ ጌም ለሚጫወት ወይም ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ብዙም አይጠቅምም።

ዊንዶውስን ትተን ሊኑክስ ወደተባለው፣ ብዙ ዓይነት ዕትም ወዳለው ስርዓተ ክወና መዞራችን ከምርጫ ይልቅ ወደ ግዴታ የሚጠጋ ነበር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና በይፋ ከተዘረዘሩት አዳዲስ ፕሮሰሰሮች አንዱን ይጠይቃል። ፍተሻውን አልፎ በግድ መጫን ይቻላል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ በኮር 2 ዱዎ ላይ ግን ይህም መንገድ ተዘግቷል፤ ከ24ኤች2 ዕትም ወዲህ ስርዓቱ ለመነሳት ፖፕካውንት የተባለ የፕሮሰሰር ትእዛዝ ይፈልጋል፣ ይህ ትእዛዝ ደግሞ በዚያ ትውልድ ፕሮሰሰር ውስጥ ጭራሽ የለም።

ስለ ሶፍትዌሩ ከማውራቴ በፊት ስለ ብሎን መፍቻው ላውራ። የዚህን ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ የያዙት ከሥሩ ያሉ ሁለት ብሎኖች ናቸው፤ እነርሱ ሲፈቱ ዲስኩ እንደ መሳቢያ በጎን ተስቦ ይወጣል። በቦታው 120 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ገባ፣ ራሙም መርካቶ በተገኘ ያገለገለ ዲዲአር2 ወደ 4 ጊጋባይት አደገ። ከፍጥነቱ ለውጥ ትልቁን ድርሻ ያመጣው ይህ እንጂ ማንኛውም ስርዓተ ክወና አይደለም። በሚሽከረከረው ዲስክ ላይ አራቱንም ብሞክር ኖሮ አራቱንም ቀርፋፋ ናቸው ብዬ እጽፍ ነበር።

ሌላው ቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር «ቀላል» የሚለው ቃል የሚለካው ምን እንደሆነ ነው። አንድ ስርዓት ቀላል ሲባል ተነስቶ ምንም ሳይከፈትበት የሚይዘው ራም አነስተኛ ነው ማለት ነው። በእኛ ማሽን ላይ አንቲኤክስ ከ300 ሜጋባይት በታች ሲይዝ፣ ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ዴስክቶፕ የሚጠቀመው የሚንት ዕትም ከ700 በላይ ይይዝ ነበር፤ በቁጥር ሲታይ ልዩነቱ ከእጥፍ ይበልጣል። ፋየርፎክስ ተከፍቶ የቴሌግራም ገጽና የኢሜይል ሳጥን አብረው ሲጫኑ ግን በሁለቱም ላይ ብሮውዘሩ ብቻውን ከአንድ ጊጋባይት የማያንስ ስለሚወስድ፣ የ400 ሜጋባይቱ ቁጠባ ብዙም አይታይም። 2 ጊጋባይት ራም ብቻ ላለው ሰው ይህ ቁጠባ የሞት ሽረት ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ 4 ጊጋባይት ላለው ግን ሚዛን የሚደፋው ሌላ ነገር ነው፤ ማሽኑን ሁልጊዜ የምትጠቀምበት ሰው ያለ እኔ እርዳታ ልታስተዳድረው ትችላለች ወይ የሚለው።

ልብን የሚማርከው ፓፒ ሊኑክስ ነው። አውስትራሊያዊው ባሪ ካውለር በ2003 እ.ኤ.አ. የጀመረው ይህ ስርዓት ጥቂት መቶ ሜጋባይት ብቻ ስለሚመዝን በሞባይል ዳታ ለማውረድ አያስፈራም፤ ከፍላሽ ተነስቶ ሙሉ በሙሉ ራም ውስጥ ስለሚሰፍርም ፍላሹ ተነቅሎ እንኳ ሥራው ይቀጥላል። ሜኑው ሲከፈት፣ ጽሑፍ ማቀናበሪያው ሲነሳ፣ ሁሉም ነገር ጣት ሳይነሳ ይታዘዛል፤ የ2008ቱ ላፕቶፕ አዲስ የሆነ ያስመስለዋል። ይሁንና ይኸው ራም ውስጥ መኖሩ ለጽሕፈት ቤት መዘዝ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ማሽኑ በወጉ ሲዘጋ ነው የማስቀመጫ ፋይል ይፈጠር ብሎ የሚጠይቀው፤ ያ ሳይሆን በፊት ሆን ብዬ ሶኬቱን ነቅዬ ብሞክረው፣ ዴስክቶፑ ላይ የነበሩት ሰነዶችና ያስተካከልኋቸው ቅንብሮች በሙሉ እንዳልነበሩ ሆኑ። ስህተቱ የፓፒ አይደለም፣ አሠራሩ ነው፤ ባትሪ በሌለው ላፕቶፕና መብራት በሚሄድበት ሰፈር ግን ይህ አሠራር አይመከርም። በዚያ ላይ ፓፒ በልማዱ ተጠቃሚውን በሙሉ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስገባል፤ ደንበኛ ፍላሽ እየሰካ በሚውልበት ማሽን ላይ ይህ አያስተኛም።

አንቲኤክስ ከግሪክ የተነሳ፣ ዴቢያን በተባለው ሌላ ሊኑክስ ላይ የተመሠረተና ሲስተምዲ የተባለውን የአገልግሎት አስተዳዳሪ የማይጠቀም ስርዓት ነው። ከሁሉ ይበልጥ ጥቂት ራም የሚይዘውም እርሱ ነው። አይስደብልዩኤም የተባለው የመስኮት አስተዳዳሪው ፈጣን ቢሆንም መልኩ ደረቅ ነው፤ ሜኑው ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ብዙ መሣሪያዎች ተደርድረዋል፣ ዋይፋይን ማገናኘት እንኳ ከአንድ በላይ መንገድ አለው። እኔ ወድጄዋለሁ። እህቴ ግን አምስት ደቂቃ አየችውና «ይሄ ያንተ ነው፣ የእኔ አይደለም» ብላ መለሰችልኝ፤ ፍርዷም ትክክል ነበር። አንቲኤክስ ምትክ የማይገኝለት ግን አንድ ቦታ አለ፤ ፕሮሰሰራቸው 32 ቢት ብቻ የሆኑት፣ ለምሳሌ አቶም ኤን270 የያዙት ትንንሾቹ ኔትቡኮች። ጉግል ክሮም ለ32 ቢት ሊኑክስ መውጣት ያቆመው በ2016 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የወጣው ዴቢያን 13 ደግሞ ለእነዚህ ማሽኖች የሚሆን መጫኛ ማዘጋጀቱን ትቷል። በዴቢያን 12 ላይ የተሠራው አንቲኤክስ 23 አሁንም የ32 ቢት ዕትም አለው። የእኛው ኮር 2 ዱዎ 64 ቢት ስለሆነ ይህ አላስጨነቀንም።

ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ ቀለል ያለ ዕትም የሆነው ሉቡንቱ፣ ኤልኤክስኪዩቲ የተባለውን ዴስክቶፕ ይጠቀማል፤ ከታች ያለው አሞሌ፣ በግራ ጥግ ያለው የሜኑ ቁልፍ፣ በቀኝ ያለው ሰዓት ለዊንዶውስ ለለመደ ዓይን እንግዳ አይሆኑም። ሁለተኛ ያደረግሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ፋየርፎክስ የሚመጣው ስናፕ በተባለው ጥቅል መሆኑ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ማሽን ላይ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት የሚወስደው ጊዜ ደንበኛ ፊት ለፊት ቆሞ በሚጠብቅበት ሰዓት አሰልቺ ነው፣ ስናፕ ራሱን በራሱ እያደሰም የኢንተርኔት ጥቅሉን ያለ ፈቃድ ይበላል፤ ወርኃዊ ጥቅል ለሚገዛ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት የድጋፍ ዘመኑ ነው፦ የኡቡንቱ 24.04 ዋናው ዕትም አምስት ዓመት ሲደገፍ፣ ሉቡንቱ ግን ሦስት ዓመት ብቻ ነው።

ክሮምኦኤስ ፍሌክስ የተባለውን የጉግል ስርዓተ ክወና ያልሞከርሁት ከወረቀቱ ስለወደቀ ነው። ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ያጠፋል፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ አይቀበልም፣ ሥራውም በብዛት ኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የዊንዶውስን ቦታ የተረከበው ሊኑክስ ሚንት 22 ሆነ፣ በኤክስኤፍሲኢ ዕትሙ። የመጫኛው ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት የሚጠጋ ስለሆነ ማውረዱ የአንድ ሌሊት ሥራ ነው፤ ፍላሽ ላይ ከተጻፈ በኋላ መጀመሪያ ሳይጫን ቀጥታ ተነስቶ እንዲሞከር ማድረግን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ዋይፋዩ፣ ድምፁና የስክሪኑ ብርሃን መሥራት አለመሥራታቸው የሚታወቀው ያኔ ነው። አንዳንድ የዋይፋይ ቺፖች ያለ ተጨማሪ ድራይቨር አይሠሩም፤ በዚህ ጊዜ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ኢንተርኔት በመስጠት ድራይቨር ማኔጀር የሚባለው መሣሪያ የሚያስፈልገውን እንዲያወርድ ማድረግ ይቻላል። ሚንት ስናፕን ከመነሻው ስለማይቀበል ፋየርፎክሱ በመደበኛ ጥቅል ይመጣል፣ የሚከፈትበትም ጊዜ የሚታገሡት ነው። የማደሻው መስኮት ምን እንደሚወርድና ስንት ሜጋባይት እንደሆነ አሳይቶ እስኪፈቀድለት ይጠብቃል። ታይምሺፍት የተባለው መሣሪያ ደግሞ የስርዓቱን ቅጂ በየጊዜው ስለሚያስቀምጥ፣ አንድ እድሳት ነገር ቢያበላሽ ወደ ትናንትናው መመለስ ይቻላል፤ የሰነዶችን መጠባበቂያ ግን እንደማይተካ መታወቅ አለበት፣ የሰውን ውልና ማመልከቻ ለብቻው ፍላሽ ላይ መገልበጥ ያስፈልጋል። ሶኬቱን ደጋግሜ ብነቅለውም ሲመለስ በሰላም ተነስቷል፤ የጠፋው ሴቭ ያልተደረገው ጽሑፍ ብቻ ነው።

ለአማርኛ ጸሐፊ ዋናው ፈተና ግን ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ሚንት አማርኛ ለማንበብ ምንም አይጎድለውም፤ ለመጻፍ ግን ከሶፍትዌር ማኔጀር አይባስንና ኤም17ኤን የተባለውን ተጨማሪ ጥቅል ጭኖ፣ ወጥቶ ከገቡ በኋላ ከአማርኛ ሥር «ሴራ» የተባለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲያ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር መጫን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ያሻግራል። ሴራ በድምፅ የሚጻፍበት ስልት ቢሆንም ሥርዓቱ የራሱ ነው፦ ኤክስ «ሽ»ን ይሰጣል፣ ትልቁ ኤን «ኝ»ን ይሰጣል። እህቴን ያናደዳት «ሀ» ነው። ኤችና ኤ ሲጻፉ «ሃ» ይወጣል፤ «ሀ»ን ለማግኘት ኤችና ኢ መጻፍ አለባቸው። በመጀመሪያው ሳምንት የጻፈቻቸው ማመልከቻዎች ሁሉ «ሃገር» እና «ሃላፊ» የሞሉባቸው ነበሩ፤ ጣቷ እስኪለምድ አሥር ቀን ያህል ወስዶባታል። የድሮውን የቁልፍ አቀማመጥ ለዓመታት የለመደ ጸሐፊ ይህንን ጊዜ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

ከዚህ የባሰው የፊደል ቅርጽ ነው። ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ የነበረው ኒያላ ሊኑክስ ላይ የለም። አንድ ደንበኛ በኒያላ የተጻፈ የአንድ ገጽ ማመልከቻ ይዞ መጣ፤ ሊብረ ኦፊስ በተባለው ጽሑፍ ማቀናበሪያ ስንከፍተው ፊደሉ አቢሲኒካ በተባለ ሌላ ፊደል ተተክቶ መስመሮቹ ተራራቁ፣ «ከሠላምታ ጋር» ከሥር ቀርቶ ስምና ፊርማው ብቻቸውን ወደ ሁለተኛው ገጽ ተሻገሩ። «አንተ ልጅ፣ የሰውየውን ፊርማ የት አደረስከው?» አለች እህቴ። መፍትሔው የመስመር ርቀቱን «ፊክስድ» አድርጎ በነጥብ መወሰን ነው፤ አንዴ ከተደረገ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ የሚሆን ቴምፕሌት ሆኖ ተቀምጧል። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ግን ያ ፊደል ከሌለ የተዘበራረቀ ምልክት ብቻ ሆነው ይከፈታሉ፤ ብዙ የቆየ ሰነድ ያለው ቢሮ ከመዛወሩ በፊት ሰነዶቹን በዊንዶውስ ላይ እያለ ወደ ፒዲኤፍ ቢለውጥ ይሻለዋል። የሊብረ ኦፊስ ሜኑዎች ወደ አማርኛ የተተረጎሙበት ጥቅልም አለ፤ ጫንኩት፣ እህቴ ግን «ፋይል» እና «ፕሪንት»ን በለመደችው ስማቸው ስለፈለገች በማግሥቱ አነሳሁት።

ማተሚያን በተመለከተ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም፤ አብዛኛዎቹ ሲሰኩ ይታወቃሉ። አንዳንድ የኤችፒ ሌዘር ማተሚያዎች ግን ኤችፒሊፕ ከተባለው የማተሚያ ድራይቨር በተጨማሪ ከኢንተርኔት የሚወርድ ፕለጊን ስለሚፈልጉ፣ መጫኑን ደንበኛ በሌለበት ቀን ማድረግ ነው። እኛ ቅዳሜ ጠዋት አደረግነው፣ ተጸጸትን።

የፓፒው ፍላሽ አልተጣለም። መሳቢያ ውስጥ ከማኅተሙ ጎን ተቀምጧል፤ ኮምፒውተሩ አልነሳ ያለው ደንበኛ ሲመጣ ማሽኑ በዚያ ተነስቶ ፋይሎቹ ይወጡለታል፣ ለዚህ ሥራ ከአራቱ የሚወዳደረው የለም። ሚንት 22 ደግሞ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ ያገኛል። ያኔ የላፕቶፑ ሞዴል 21 ዓመት ይሞላዋል፤ ከዚያ በፊት ቀድሞ የሚሄደው የስክሪኑ ማጠፊያ ይሁን የስፔስ ቁልፉ እኔና እህቴ እስካሁን አልተስማማንም።