የሼክስፒር ኑዛዜ፣ አማቹ እና ሁለተኛው አልጋ፦ የኪው ቤተ መዛግብት አገልግሎት እንዴት ነው?

ከአራት መቶ ዓመት በፊት የሞተ የአንድ የገጠር ሰው ኑዛዜ ሳነብ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሆነብኝ። ጠዋት ሥራ ነበረኝ። ይሄ አስተያየት እንቅልፍ ታጥቶ የተጻፈ መሆኑ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

የማወራው ስለ እንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የኑዛዜ አገልግሎት ነው። መሥሪያ ቤቱ ለንደን፣ ኪው የሚባለው ሰፈር ነው ያለው። ኑዛዜ ለማየት ግን ኪው ድረስ መሄድ የለም፤ ቤት ቁጭ ብሎ ማውረድ ይቻላል። ከ1384 እስከ 1858 ድረስ ያሉ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኑዛዜዎች አሉበት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። የፈረንጁም አቆጣጠር ያኔ የራሱ ጣጣ ነበረው፣ እደርስበታለሁ።)

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የገባሁት ሌላ ቦታ ነው። ስሙ ይቅር። የዘር ሐረግ እንፈልግላችኋለን ከሚሉት ድረ ገጾች አንዱ ነው። «ለሰባት ቀን በነጻ ሞክሩት» ይላል። ካርዴን ሰጠሁ፣ ረሳሁት፣ በስምንተኛው ቀን ባንኬ መልእክት ሲልክልኝ ነው ትዝ ያለኝ። ገንዘቡ ሄደ። ያገኘሁት ደግሞ ኑዛዜውን ሳይሆን «እንዲህ የሚባል ሰው ኑዛዜ አለው» የሚል አንድ መስመር ነው። መኖሩንማ እኔም አውቃለሁ! ሥራ ቦታ ለአንዷ ጓደኛዬ ብነግራት ሳቀችብኝ። «እሱ እኮ ኪው በነጻ አለ» አለችኝ። እውነቷን ነው። በኢሜይል ተመዘገብኩ፣ ፈለግኩ፣ ቅርጫት ውስጥ ከተትኩ፣ ሒሳቡ ዜሮ ፓውንድ ብሎ ወጣ፣ አወረድኩ። ሻይዬ እንኳን አልቀዘቀዘም።

ፍለጋው ቀላል ነው፤ ስም፣ ቦታ፣ ዓመት። እኔን የገረመኝ የሟቹ ደረጃም መዝገቡ ላይ መጻፉ ነው። እገሌ፣ ገበሬ። እገሊት፣ ባሏ የሞተባት። እገሌ፣ ጄንትልማን። ጄንትልማን ደግሞ ያኔ ለሴት በር ከፍቶ የሚያሳልፈው ሰውዬ አይደለም። ከመኳንንቱ በታች፣ ከገበሬው በላይ ያለ፣ መሬት ያለው፣ በእጁ ጉልበት የማያድር ሰው ነው። የእኛ «ጨዋ» በድሮው ትርጉሙ ይቀርበዋል። ስለዚህ ዘመድ ባይኖራችሁም ይህን ቃልና የአንድ አውራጃ ስም ብቻ ጽፋችሁ ፈልጉ። አንዱን ጨዋ መርጣችሁ ቤቱ መግባት ትችላላችሁ። ማን ምን እንደደረሰው፣ ማን እንደተኮረፈ፣ ማን እንደተረሳ።

ሁሉም ኑዛዜ አንድ ላይ የተገኘው የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ስለነበረ ነው። እስከ 1858 መጀመሪያ ድረስ እንግሊዝ ውስጥ ኑዛዜ የሚያጸድቁት የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች ነበሩ። ይሄኛው ክምችት የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት መዝገብ ነው፤ ንብረታቸው ከአንድ ሀገረ ስብከት የሚሻገር፣ ደህና ደህና ሰዎች የሚሄዱበት። በአማርኛ ንብረት ማውረሱም ኃጢአት መናገሩም ኑዛዜ ነው የሚባለው። እነሱም ዘንድ ወረቀቱ ከነፍስ ነው የሚጀምረው። ነፍሴን ለፈጠረኝ አምላክ፣ ሥጋዬን ለተሠራበት አፈር ካለ በኋላ ነው ወደ ጎተራውና ወደ ብር ዕቃው የሚዞረው።

ማንን ላንብብ ስል የማውቀው ሰው ይሻላል ብዬ ዊልያም ሼክስፒርን ያዝኩ። እዚህ ላይ አንድ ምክር። መዝገቡ ውስጥ ያለው የፍርድ ቤቱ ጸሐፊዎች በትልልቅ ደብተር የገለበጡት ንጹሕ ቅጂ ነው። ንጹሕ ስለሆነ ስርዙና ድልዙ የለበትም። የእሱ ዋናው ኑዛዜ ግን ሦስት ገጽ ሆኖ እዚያው ኪው ተቀምጧል፤ ፎቶውም ድረ ገጻቸው ላይ አለ። እሱን ነው ማየት ያለባችሁ። ጨዋታው ያለው ስርዙ ላይ ነው።

የእጅ ጽሕፈቱ ግን ዓይን ያወጣል። ረጅሙ «ኤስ» «ኤፍ» ይመስላል፣ «ኢ» ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች፣ ነጥብ የሚባል ነገር የለም። ግማሽ ሰዓት አንድ መስመር ላይ ቆየሁ። እንግሊዝኛዬን ተጠራጠርኩ። ደግነቱ ቤተ መዛግብቱ ከ1500 እስከ 1800 ያለውን ጽሕፈት ማንበብ የሚያስተምር ነጻ ትምህርት አለው፤ ከነመልመጃው። ሁለት ማታ ተማርኩበት። ከዚያ በኋላ ዓይን ይለምዳል፣ ልክ የብራና ጽሑፍ መጀመሪያ አስቸግሮ ኋላ እንደሚፈታው። ለመጀመሪያ ጊዜ «ሁለተኛው አልጋ» የሚለውን በራሴ ሳነበው ብቻዬን አጨበጨብኩ።

እሺ፣ ምን ይላል?

«ዊልያም ሼክስፒር፣ የስትራትፎርድ፣ ጨዋ» ይላል፤ ስትራትፎርድ የትውልድ ከተማው ነው። በቃ። ተውኔት የለም፣ ግጥም የለም፣ አንድ መጽሐፍ እንኳን አልተጠቀሰም። ቤት፣ መሬት፣ ጎተራ፣ ገንዘብ ነው። በሙሉ ጤናና አእምሮ ነኝ ይላል፤ በወሩ ሞተ።

ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ አልጋው ነው። እኔን ያስመሸኝ ግን የመጀመሪያው ገጽ ነው። ከላይ ቀኑ «ጥር 25» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ጥር ተሰርዞ መጋቢት ሆኗል፤ በፈረንጅ መጋቢት 25 ቀን 1616። (ጣጣው ይሄ ነው። ያኔ እንግሊዞች አዲስ ዓመት የሚሉት መጋቢት 25ን ነበር። ሰውየው ኑዛዜውን ያስተካከለው በእንቁጣጣሹ ቀን ነው ማለት ነው።) በጥርና በመጋቢት መሃል ምን ተፈጠረ? ትንሿ ልጁ ጁዲት የካቲት 10 ቀን ቶማስ ኩዊኒ የሚባል ሰው አገባች። ሠርጉ ከተበላ በኋላ ሙሽራው ሌላ ሴት ማስረገዙ ወጣ። ማርጋሬት ዊለር ትባላለች። ከነልጇ በወሊድ ሞታ መጋቢት 15 ቀን ተቀበረች። ኩዊኒ የቤተ ክርስቲያኑ ፍርድ ቤት ቀርቦ ያመነው መጋቢት 26 ነው። በኑዛዜው ማግስት!

አሁን ወረቀቱን እዩ። የጁዲት ድርሻ የሚጀምረው «ለአማቼ» በሚል ነበር። ቃሉ እንኳን አላለቀም። መሃል ላይ ተቆርጦ ተሰርዟል፤ ከላዩ «ለልጄ ለጁዲት» ተብሎ ተተክቷል። ከዚያ በኋላ የኩዊኒ ስም እስከ መጨረሻው ድረስ አይነሳም። አንዴም። ለጁዲት 150 ፓውንድ ይሰጣታል፤ 100ው የማግቢያዋ ነው፣ 50ውን የምታገኘው ስትራትፎርድ ያለ አንድ ቤት ላይ ያላትን መብት ከለቀቀች ነው። ሌላ 150 ፓውንድ ደግሞ አለ፤ እሱ የሚጸናው ከሦስት ዓመት በኋላ እሷ ወይም ልጇ በሕይወት ካለ ነው። ያኔም ቢሆን ባል እስካላት ድረስ ዋናው ገንዘብ እጇ አይገባም፣ ወለዱን ብቻ በየዓመቱ ትወስዳለች። ባል ሆዬ ገንዘቡን ማየት ከፈለገ በፊት እሱም ያንኑ የሚያክል መሬት ለሚስቱና ለልጆቿ ማስያዝ አለበት። ባሉንም የሚጠራው፣ ያኔ ያገባችው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ በሚል ዓይነት አነጋገር ነው። የስትራትፎርድ የትምህርት ቤት መምህር በዓመት 20 ፓውንድ ይከፈለው እንደነበር ካሰባችሁ አባትየው ምን ያህል ገንዘብ ላይ ቁልፍ እንዳደረገ ይገባችኋል።

እሁድ ቡና ላይ ለእናቴ አነበብኩላት። እየተረጎምኩ ነው፣ እሷም ረከቦቱ ላይ ሆና እየሰማች ነው።

«ጎሽ!» አለች ኩዊኒ ጋ ስደርስ። «የሴት ልጅ አባት እንዲህ ነው። ስሙንም አልጠራው?»

«አልጠራውም።»

«ይበለው።»

ከዚያ ወደ ሚስትየው ሄድኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ሁለት መስመሮች መሃል ተጨምቆ፣ ለሚስቴ ሁለተኛውን ምርጥ አልጋዬን ከነዕቃው እሰጣለሁ የሚል አለ። ኋላ ትዝ ብሎት ያስገባው ይመስላል። ስሟም አልተጻፈም።

እናቴ ሲኒውን አስቀመጠች። «አንደኛውስ?»

«አይልም።»

«እንዴት አይልም? ደህና አድርገሽ አንብቢው።»

«አንብቤዋለሁ እማዬ፣ የለም።»

«ስንት ልጅ ወልዳለታለች?»

«ሦስት። አንዱ ሞቶባቸዋል።»

«ሦስት ልጅ ወልዳ አልጋ!» አለችና ቡናውን ለመቅዳት ዞረች። ሰውየውን ለማስታረቅ ሞከርኩ። ምሁራኑም እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም አልኳት። ሚስት በልማዱ ከባሏ መሬት ሲሶውን በሕይወት እስካለች የመጠቀም መብት ስለነበራት ኑዛዜ ላይ መጻፍ አያስፈልግም ነበር የሚሉ አሉ። ምርጡ አልጋ የእንግዳ ነው፣ ሁለተኛው የባልና ሚስቱ የራሳቸው ነው የሚሉም አሉ። አልጋ ያኔ ከነመጋረጃው ከነፍራሹ ትልቅ ንብረት ነው። እናቴ ግን አልገባላትም። እኔም፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የእንግዳ አልጋ የምትለው ነገር ብዙም አልተዋጠችልኝም። ለሚስቱ ከዚያች መስመር ሌላ ቃል የለውም፤ ቶማስ ኮምብ ለሚባል ሰው ግን ጎራዴውን ለመስጠት ቦታ አላጣም።

የቀረውን ቶሎ ላሳልፍ። ለድሆች 10 ፓውንድ። ትልቁ ርስት፣ ኒው ፕሌስ የሚባለው መኖሪያው፣ ሄንሊ ስትሪት ያሉት ሁለት ቤቶች፣ መሬቱና ለንደን ብላክፍራያርስ ያለው ቤት፣ ሁሉም ለትልቋ ልጁ ለሱዛና፣ ከእሷ ለወንድ ልጆቿ በቅደም ተከተል። የብር ዕቃው ለልጅ ልጁ ለኤልዛቤት፣ ወርቅ የተቀባው ሰፊው ጎድጓዳ ሳህን ብቻ ለጁዲት። ለንደን አብረውት ለሠሩት ለሄሚንግስ፣ ለበርቤጅና ለኮንዴል ለእያንዳንዳቸው 26 ሽልንግ ከ8 ፔንስ፣ የመታሰቢያ ቀለበት እንዲገዙበት። ይሄም በመስመር መሃል የገባ ነው። ከቲያትሩ ሕይወቱ እዚህ ወረቀት ላይ ያለው ምልክት ይህ ብቻ ነው። ሄሚንግስና ኮንዴል ተውኔቶቹን ሰብስበው ያሳተሙት በ1623 ነው። ለቀለበት ብር የተሰጣቸው ሰዎች ናቸው!

አምስት ምስክር አለበት። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ አራት ይጠይቃል፤ ሰውየው አንድ ጨምሯል። መጨረሻ ላይ «ማኅተሜን» የሚለው ተሰርዞ «እጄን» ሆኗል፣ ሦስቱም ገጽ ላይ ፈርሟል። በዓለም ላይ ከታወቁት ስድስት ፊርማዎቹ ሦስቱ እነዚህ ናቸው። ፊርማው የደከመ ነው። ስታዩት ዝም ትላላችሁ።

ለአገልግሎቱ ከአምስት አራት ተኩል ኮከብ። ግማሹን የቀነስኩት ለጸሐፊዎቹ የእጅ ጽሕፈት ነው፣ ቤተ መዛግብቱን አይመለከተውም። ወደ ዘመናዊ እንግሊዝኛ የተገለበጠ ጽሑፍ የምትጠብቁ ከሆነ ግን አትጠብቁ፤ የምታወርዱት ምስል ነው፣ ማንበቡ የራሳችሁ ነው። በስልክ አታንብቡት፣ ትልቅ ስክሪን ፈልጉ።

አንድ ነገር ቀረኝ። እህቱ ጆአን ሃርት አለች። ለእሷ 20 ፓውንድ፣ ልብሶቹን በሙሉ፣ እና የምትኖርበትን የሄንሊ ስትሪት ቤት እስክትሞት ድረስ በዓመት 12 ፔንስ ኪራይ ይተውላታል። ለሦስት ወንዶች ልጆቿም አምስት አምስት ፓውንድ። የመጀመሪያውን ዊልያም ይላል፣ የመጨረሻውን ማይክል ይላል። የመሃለኛው ስም ላይ ግን ባዶ ቦታ ነው። የእህቱን ልጅ ስም ማንም አላስታወሰውም፣ በኋላም የሞላው የለም። ምስሉን አጉልቼ ደጋግሜ አየሁት፤ ንጹሕ ወረቀት ነው። ልጁ ቶማስ ይባላል።

በሚቀጥለው ማታ የልጅ ልጁን የኤልዛቤትን ኑዛዜ ፈለግኩ። በ1670 ነው የሞተችው፣ ያለ ልጅ። ጁዲት የመጀመሪያ ልጇን ሼክስፒር ብላ ሰይማው በሕፃንነቱ ሞተ፤ ሌሎቹ ሁለቱ በ1639 በሳምንታት ልዩነት ሄዱ። ለወንድ ልጅ፣ ለወንድ ልጅ እያለ ያን ሁሉ የደረደረው ርስት ተቀባይ አጣ። ኤልዛቤት የሄንሊ ስትሪቶቹን ቤቶች ለሃርቶቹ ተናዘዘች። የተቀበላቸው ሰው ስሙ እንደ አባቱ ቶማስ ሃርት ነው። የዚያ ባዶ ቦታ ልጅ።