ሊብሬዋ ላይ ያሪስ ነች፦ ከ11 ወር በኋላ

ትንሿን የቶዮታ መኪናዬን ሰው ሁሉ ቪትዝ ይላታል። ጎሚስታውም፣ የሰፈር ልጆችም፣ እኔም ራሴ። ሊብሬዋ (የባለቤትነት ደብተሯ) ላይ ግን ያሪስ ነች። በፈረንጆች 2003 ሞዴል፣ 1,000 ሲሲ ቤንዚን፣ ማርሿ ማንዋል። ኅዳር 2017 ላይ ገዛኋት። አሁን ጥቅምት 2018 ነው። ከልደታ አራት ኪሎ ሥራ እመላለስባታለሁ። እናቴን ሐኪም ቤት አደርስባታለሁ። ሁለት ጊዜ ቢሾፍቱ ደርሼባት መጥቻለሁ።

በደህና ዋጋ ነው የገዛኋት ብዬ አምናለሁ። ግን ክርክር ስለምችል አይደለም። ምን እየገዛሁ እንደሆነ ስለገባኝ ነው። ስለዚህ አነዳዷን ከመናገሬ በፊት እንዴት እንደገዛኋት ልንገራችሁ።

ፍለጋ ስጀምር ዋጋው ያስደነግጥ ነበር። ከ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወዲህ አሮጌ መኪና ማስገባት በጣም ውድ ሆኗል። ጥር 2016 ላይ ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር መኪና አይገባም ተባለ። ከዚያ በኋላ ሻጭ ሁሉ «ከእንግዲህ እኮ አይገባም» ይላል። እውነቱን ነው። ግን ይህ ለደህናዋም ለተጎዳችዋም እኩል ይባላል። ሃያ ዓመት ያለፋቸው ሁለት መኪኖች ግን አንድ ዋጋ ቢጠራባቸውም አንድ አይደሉም።

መጀመሪያ ያየኋት ሃያ ሁለት አካባቢ ነበረች። ብርማ ቀለም። ከላቫጆ ገና መውጣቷ ነው፣ ታበራለች። የወንበር ልብሷ አዲስ ነው። «እህቴ፣ እመኚኝ፣ የሴት መኪና ናት። ዛሬ ቀብድ ካልጣልሽ ማታ ትሸጣለች» አለኝ ደላላው። 50,000 ብር ልጥል ቦርሳዬን ከፍቻለሁ። ወንድሜ በስልክ «ቆይ፣ መጀመሪያ የሻንሲ ቁጥሯን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ» ባይለኝ ኖሮ ጥዬ ነበር።

ቀብድ እኮ ቀላል ነገር አይደለም። ውሉ ላይ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ከቀየረ እጥፉን ይመልሳል። መካኒክ ሳያያት ቀብድ ከጣልኩ በኋላ የፍሪሲዮን (የክላች) ችግር ባገኝ ምን ብዬ ልከራከር?

የሻንሲው፣ ማለትም አካሏ ላይ የተመታው መለያ ቁጥር፣ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ቪትዝ የጃፓን ገበያ ስሟ ነው። ያሪስ የአውሮፓ። ለጃፓን የተሠራችው መሪዋ በቀኝ ነው፣ የሻንሲ ቁጥሯም አጭር ነው። የ1,000 ሲሲዋ በ«ኤስ ሲ ፒ 10» ይጀምርና ሰረዝና ተከታታይ ቁጥር ይከተላል። ለአውሮፓ የተሠራችው ግን 17 ፊደልና ቁጥር አላት። «ጄ ቲ» ብሎ ከጀመረ ጃፓን የተሠራች ናት። «ቪ ኤን ኬ» ካለ ፈረንሳይ አገር፣ ቫሌንሲየን አጠገብ ካለው የቶዮታ ፋብሪካ የወጣች።

የብርማዋ አጭሩ ነበር። መሪዋ ግን በግራ ነው። አንድ ቦታ ተፈታ መሪዋ ዞሯል ማለት ነው። በዚህ ሞዴል ላይ ደግሞ ነገሩ በቀላሉ ለዓይን አይታወቅም። የፍጥነት ማሳያዋ ዳሽቦርዱ መሃል ላይ ስለሆነ መሪው ግራም ሆነ ቀኝ ቢሆን ልዩነቱ ወዲያው አይታይም። መሪዋ የዞረ ሁሉ መጥፎ ነች አልልም፣ በጥንቃቄ የተሠሩ አሉ። ግን ሥራው መሪን፣ የፍሬን መስመርንና ገመዶችን ይነካል። ዋጋዋም ካልዞረችው ጋር እኩል መሆን የለበትም። ደላላውን ስጠይቀው «ሁሉም እንደዚሁ ነው» አለኝ። ትቼው ወጣሁ።

ሁለተኛዋ ቄራ ነበረች። ሻጩ የያዘው ውክልና ንብረት ስለማስተዳደር እንጂ ስለመሸጥ አይናገርም። ለመሸጥ ደግሞ ለዚያ ተለይቶ የተሰጠ ሥልጣን ያስፈልጋል። እዚያም ጊዜ አላጠፋሁም።

ሦስተኛዋን ያገኘሁት በሥራ ባልደረባዬ በኩል ነው። እሪ በከንቱ፣ ጡረታ የወጡ አባት ግቢ። አቧራ ለብሳለች። ቀለሟ ደብዝዟል። የፊት ፓራውርቷ ተጭሯል። ሻንሲዋ በ«ቪ ኤን ኬ» ይጀምራል። 1,280,000 ብር አሉኝ።

ዋጋ ሳልጠራ ሁለት ነገር ለመንኳቸው። አንደኛ፣ ማለዳ ሞተሯ ሳይነሳ ልምጣ። ሁለተኛ፣ መካኒክ ይዤ ልምጣ። «ነይ ልጄ፣ ቡና አስፈልቼ እጠብቅሻለሁ» አሉኝ። እውነት ለመናገር ግማሽ ሐሳቤ ያረፈው ያኔ ነው። የሚደብቅ ሰው ቀዝቃዛ ሞተር አያሳይም። ሞቆ የቆየ ሞተር ጭሱንም ድምፁንም ይሸሽጋል።

12 ሰዓት ተኩል ደረስን። መካኒኩ ማርሚታው (የጭስ መውጫው) ጋ ቆመ፣ እኔ ቁልፉን አዞርኩ። ሰማያዊ ጭስ የለም። ትንሽ ነጭ እንፋሎት ወጥቶ ጠፋ። የዘይት ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን አየ። ወተት የመሰለ አረፋ ቢኖር ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል፣ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ችግር አለ ማለት ነበር። ንጹህ ነው። ከዚያ ማግኔት በመሐረብ ጠቅልሎ ዙሪያዋን ነካካት። የኋላ ቀኝ በር ላይ አልያዘም። ከቀለሙ ሥር ብረት ሳይሆን ስቱኮ፣ የተጎዳ አካል የሚሞላበት ልጥፍ ነው። ጋሼ አልካዱም፣ «ሚኒባስ ገጭቶኝ ነው» አሉ።

ጎማዎቹ ጥርሳቸው ጥሩ ነበር። ግን ጎናቸው ላይ ያሉትን የመጨረሻ 4 አሃዞች አነበብናቸው፣ 1816 ይላል። በፈረንጆች 2016 በ18ኛው ሳምንት ተሠርተዋል ማለት ነው። ጥርስ ያለው ጎማ ሁሉ ደህና ጎማ አይደለም። ጎማ ተቀምጦም ያረጃል፣ ይደርቃል።

ዝርዝር ያዝኩ። ተክለ ሃይማኖት የመለዋወጫ ሱቆች ጋ ሄጄ ዋጋ ጠየቅሁ። 4 ጎማ 36,000። የፊት ሾክ አብዞርበር ጥንድ 22,000። ባትሪ 11,000። ቴስቲናና የፍሬን ሸራ 12,000። የእጅ ዋጋ 13,000። ድምሩ 94,000 ብር። በማግስቱ ወረቀቱን ጋሼ ፊት አስቀመጥኩ። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አነበቡት። «ቀንሱልኝ» አላልኩም። ወረቀቱ ራሱ ተናገረ። «1,200,000 ይሁን» አሉኝ። ተጨባበጥን። 80,000 ብር ነው የቀነሱልኝ፣ ቀሪውን 14,000 ለመከራከር ልቤ እሺ አላለኝም። ዛሬም አይቆጨኝም።

ውሉን ልናጸድቅ ሰነዶች ማረጋገጫ ስንሄድ የጋሼ ሚስትም አብረው መጡ። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። የቤተሰብ ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ሲሸጥ የባልም የሚስትም ስምምነት ይጠይቃል። ሻጩ አግብቶ ለብቻው ከመጣ ነገ የሚነሳ ክርክር ገዝታችኋል። ያላገባ ከሆነ ማስረጃውን ያምጣ። ዕዳና ዕገዳ እንደሌለባት ከመዝገቡ አስጣራሁ። ቦሎዋንና የትራፊክ ክሷን አየሁ። ብሩ የተላለፈው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

አሁን ወደ አነዳዷ።

ከተማ ውስጥ እወዳታለሁ። ከሜክሲኮ ስታዲየም በሰልፍ ስንሄድ ፍሪሲዮኗ ቀላል ነው። አራት ኪሎ ሌላው የማይገባበት ጠባብ ቦታ ላይ ትቆማለች። ቤንዚን ከሙሉ እስከ ሙሉ እየሞላሁ ለካሁ። በሊትር 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ታንከሯ 45 ሊትር ነው። ስገዛት ቤንዚን በሊትር ከ92 ብር በታች ነበር። ከጥር 2017 ጀምሮ 100ን አለፈ። ያኔ ትንሽነቷን ይበልጥ አከበርኩት። ለኤሌክትሪክ መኪና ጥላቻ የለኝም። ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ ቻርጅ የማደርግበት ቦታ ቢኖር ቢያንስ አስብበት ነበር።

ዳገት ላይ ግን ትደክማለች፣ ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። ሞተሯ አዲስ ሳለም 70 የፈረስ ጉልበት አይሞላም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ አራት ሰው ጭኜ ስወጣ ኤሲውን አጥፍቼ በሁለተኛ ማርሽ ነው። የፈጣን መንገዱ ላይ 100 ስደርስ ድምፁ ይበዛል፣ ማውራት ይከብዳል። የፊት መብራቷ ደካማ ነው፣ ማታ በዝናብ አልወጣባትም።

ዝርዝሩ ላይ ያልነበረ አንድ ችግር ሐምሌ ላይ መጣ። ከዝናብ በኋላ የኋላ ምንጣፏ ረጥቦ አገኘሁት። ሽታውም አስጠላኝ። ውሃው የሚገባው በዚያው ስቱኮ ባለው በር ነው። ሲጠገን በሩ ጠርዝ ላይ ያለው ውሃ የሚከላከል ጎማ በትክክል አልገጠመም። ስቱኮውን አይተን ዋጋውን ሳናስብ ማለፋችን የእኛ ስህተት ነው። ማስተካከያው 6,500 ብር ወሰደብኝ። ዛሬ ብገዛ የተጠገነ በር ላይ ውሃ በባልዲ አፈስበታለሁ።

ዝርዝሩ ላይ የነበሩት ሁሉ ተቀይረዋል። ከገመትነው 3,000 ብር ብቻ በለጡ። መለዋወጫ አጥቼ የቆምኩበት ቀን የለም። ተክለ ሃይማኖት የጠፋ ሶማሌ ተራ ይገኛል። ሞተሯ የታይሚንግ ሰንሰለት እንጂ በየጊዜው የሚቀየር ቀበቶ ስለሌላት አንድ ትልቅ ወጪ ቀርቶልኛል። ዘይቷን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ።

ጋሼ አልፎ አልፎ ይደውሉልኛል። መጀመሪያ ስለ እናቴ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ «ልጃችን እንዴት ናት?» ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ፍሪሲዮኗ ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ መንሸራተት እንደጀመረ ነገርኳቸው። እሳቸው የቀየሩት 2011 ላይ እንደነበር ነገሩኝ። መካኒኩም ጊዜዋ ነው ብሏል። ከገና በፊት አስቀይረዋለሁ።