ደሴ ላይ የገዛነው በራሱ የሚሟሟ የስፌት ክር፣ ከሁለት ወር ተኩል በኋላ

እህቴ በኦፕራሲዮን ከወለደች ሁለት ወር ተኩል ሆናት፣ አልሀምዱሊላህ እሷም ህፃኑም ደህና ናቸው። ስለ ክሩ ልፅፍ የተነሳሁት ያን ቀን ማዘዣ ይዤ ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ድረስ ስሮጥ ምን እንደምገዛ የሚያስረዳኝ ሰው በጣም ስለፈለግኩ ነው።

ማዘዣው ላይ የነበረው ቪክሪል ቁጥር 1 እና ቱ ዜሮ ነው። ቪክሪል አንድ ፋብሪካ ለክሩ ያወጣለት የንግድ ስም ነው ግን ሰው የጥርስ ሳሙናን ሁሉ ኮልጌት እንደሚለው ይሄን አይነት ክርም ሁሉ ቪክሪል ይሉታል፣ እኛ የገዛነው የሌላ ፋብሪካ ነው፣ ማሸጊያው ላይ ፖሊግላክቲን 910 ይላል፣ ቀለሙ ወይን ጠጅ፣ መርፌው ከክሩ ጋር አብሮ የተያያዘ። ቁጥሩ ግራ እንዳያጋባችሁ፣ ዜሮው በበዛ ቁጥር ክሩ እየቀጠነ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ቁጥር 1 ወፍራሙ ነው።

መጀመሪያ የገባሁበት ፋርማሲ ስሙ ይቅርና ክሩን መስኮቱ ላይ ከሰአት ፀሀይ በሚያርፍበት ደርድሮታል፣ እኔም ስቸኩል ሳላይ ከፍዬ ወጣሁ። ሲስተሯ ተቀብላ ገልበጥ አድርጋ አይታ "ይሄ ጥጉ ተበስቷል፣ አንጠቀምበትም" ብላ መለሰችልኝ፣ ፋርማሲው ደግሞ አልመልስም አለ፣ በጣም ነው ያዘንኩት፣ እህቴ አልጋ ላይ ሆና እኔ ስለ አንድ ክር ስጨቃጨቅ። ሁለተኛው ቤት ከመደርደሪያ ውስጥ ከካርቶኑ አውጥተው ቀኑን አሳይተው ሰጡኝ።

ሲስተሯ ለምን እንደመለሰችው በኋላ ነው የገባኝ። ይሄ ክር የሚሟሟው በውሃ ነው። ከሁለት ነገር የተሰራ ረጅም ሰንሰለት ነው፣ 90 በመቶ ግላይኮላይድ 10 በመቶ ላክታይድ፣ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ውሃ ሰንሰለቱን ቀስ እያለ ይበጥሰውና ወደ ግላይኮሊክ አሲድና ላክቲክ አሲድ ይለውጠዋል፣ ላክቲክ አሲድ ማለት እርጎን የሚያኮመጥጠው ራሱ ነው፣ ሰውነታችንም ያውቀዋል፣ መጨረሻው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ማሸጊያው ከተበሳ የአየሩ እርጥበት ብቻ ስራውን ይጀምረዋል፣ ንፅህናውም የለም። ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀት ውስጥ መቀመጥም የለበትም፣ ደሴ ብርዱ ያግዛል፣ ሀረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ የምትገዙ ግን ይሄን በደንብ እዩ።

ከዚህ በፊት የነበረው ካትገት ነው፣ ከበግ ወይም ከከብት አንጀት የሚሰራ፣ ልክ የድሮ ክራር ክር እንደሚሰራው። እሱም ይሟሟል ግን የሚፈጨው በሰውነት ኢንዛይም ስለሆነ ቁስሉን የበለጠ ያስቆጣዋል፣ መቼ እንደሚላላም ከሰው ሰው ይለያያል። የኛው ክር በቀን የሚገመት ነው፣ በሁለት ሳምንት ከጥንካሬው 75 በመቶ ያህሉ አለ፣ በሶስት ሳምንት ግማሹ፣ ከ56 እስከ 70 ቀን ባለው ደግሞ ጭራሽ የለም። ግን ክሩ ከውጭ አልታየም ማለት ሆድ ድኗል ማለት አይደለም፣ እህቴ በ20 ቀኗ ጀሪካን ላንሳ ስትል እናቴ "ተይ ልጄ፣ ውስጥሽ ገና ነው" ብላ የከለከለቻት ልክ ነበረች።

ለኛ ትልቁ ጥቅም ምን መሰላችሁ፣ እህቴ ቤቷ ተንታ ነው። ጎረቤቷ አምና በማይሟሟ ክር ቆዳዋ ተሰፍቶ ክር ለማስወጣት ብቻ አራስ ልጇን አዝላ በዛ መንገድ ደሴ ድረስ ተመልሳ መጥታለች። እህቴ ቆዳዋም ከውስጥ በዚሁ በሚሟሟው በቱ ዜሮው ስለተሰፋ ክር ማስወጣት የሚባል ነገር አልነበረም። ዋጋው ከተራው ክር በጣም ይወደዳል፣ ግን የሁለት ሰው ትራንስፖርትና የአልጋ ሲደመር ለኛ ይሄኛው ረክሷል።

አንድ ያስደነገጠን ነገር አለ። በአምስተኛው ሳምንት ከጠባሳው ጫፍ እንደ እሾህ ያለ ወይን ጠጅ ነጥብ ብቅ አለ፣ እናቴ ልትስበው ነበር፣ ደውዬ ሳማክር "አትንኩት፣ ጤና ጣቢያ አሳዩት" ተባልን። ቋጠሮው ነው፣ ለቆዳ ሲቀርብ አንዳንዴ ሰውነት ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ በንፁህ መቀስ ቆርጠውላት በሳምንቱ ደረቀ። መግል፣ መጥፎ ሽታ ወይ ትኩሳት ካለ ግን በዛው ቀን ሀኪም ጋ መሄድ ነው። ይሄን ከሆስፒታል ስንወጣ ቢነግሩን ኖሮ ያን ሌሊት በተኛን ነበር።

ዶክተሯ ስትነግረን የዚሁ ክር ዘመዶች ሌላም ቦታ አሉ፣ ስድስት ወር ገደማ የሚቆይ ፖሊዳዮክሳኖን የሚባል ክር አለ፣ አጥንት ይዞ ቆይቶ የሚጠፋ ብሎን አለ፣ የፕሮስቴት ካንሰር መድሀኒትም ከዚሁ አይነት ነገር በተሰሩ ጥቃቅን እንክብሎች ተጠቅልሎ በወር አንዴ ይወጋል፣ እንክብሉ ሲሟሟ መድሀኒቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ይለቀቃል። እኔ ከክሩ ውጪ ያየሁት ስለሌለ በሱ አልፈርድም።

ለክሩ ከ5 አራት ተኩል እሰጣለሁ፣ ግማሿን የቀነስኩት በቋጠሮው ነው። ስትገዙ ማሸጊያውን በጣታችሁ ዳስሱት፣ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ በኛ እንዳታነቡት፣ ተከፍቶ የተረፈ ክር ደግሞ በነፃም ቢሰጧችሁ አትቀበሉ፣ ተቀቅሎም ንፅህናው አይመለስም። ማዘዣውን ለፋርማሲው ከመስጠታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት፣ እኔ ሁለተኛው ቤት ስደርስ ቁጥሩ ጠፍቶብኝ እንደገና ሆስፒታል ተመልሻለሁ።