ጥሬ ሥጋ ላይ ላልተስማሙን የእንስሳት ሐኪም፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምንጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ ውሻ የምናረባ ጥቂት ሰዎች ነን። የምናመሰግናቸው ሐኪም ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ አልፈለጉም፤ ስልካቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀን። ስለ ሥራቸው ግን እንናገር። ለቡችላ ጥሬ ሥጋ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ በሚለው ነገር ከእሳቸው ጋር አልተስማማንም፣ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተስማማንም። ቢሆንም ቡችላ ለያዘ ሁሉ መጀመሪያ የምንጠቁመው እሳቸውን ነው። ሌላው ሐኪም ሲቆጣ ወይም ዝም ሲል፣ እሳቸው ሚዛንና ማይክሮስኮፕ አውጥተው ነው የሚከራከሩት።

እኛ አገር ይህ ክርክር ሁሌም የሚጀምረው «እኛ ራሳችን ቁርጥ እየበላን ለውሻ ምን ያደርገዋል?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ዶክተራችን ጥያቄውን አይንቁትም። ሰው ከጥሬ የበሬ ሥጋ የሚይዘው ኮሶ ውሻ አንጀት ውስጥ ስለማያድግ፣ ኮሶን እያነሱ የውሻ ባለቤት ማስፈራራት ከንቱ ነው ይላሉ። የሚፈሩት የሆድ ዕቃውን ነው። የበግ፣ የፍየል፣ የከብት ወይም የግመል ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አይቶ የማያውቅ ሥጋ ሻጭ የለም። በውስጡ ያሉት እጮች ውሻ አንጀት ሲገቡ ከ2 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ትናንሽ ትሎች ይሆናሉ። ውሻው አይከሳም፣ አያስለውም፣ ምንም አይመስልም። እንቁላሉ ግን በሰገራው ይወጣና ፀጉሩ ላይም ይቀራል፤ እሱን የዳበሰ ሕፃን እጁን ሳይታጠብ ቢበላ ከዓመታት በኋላ ያው ከረጢት በራሱ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ሊያድግ ይችላል። ስለዚህ በበዓል ግቢ ውስጥ በግ ሲታረድ «ይሄ ለውሻው» ተብሎ የሚወረወረው ሳንባ፣ ከቁርጥ ሥጋው ጋር አንድ ላይ የሚነሳ ነገር አይደለም። የበግ ጭንቅላትም እንዲሁ ነው፤ በግን እያዞረ የሚጥለው በሽታ ከረጢት ያለው አንጎል ውስጥ ነው፣ ውሻም አንጎሉን ጥሬ ሲበላ ትሉን ይይዛል።

በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ሳንባ፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ አንጎል ጥሬውን ለውሻ አይሰጥም። ተከትፎ፣ ውሃው ከፈላ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቀቀላል። ከረጢት የታየበት ደግሞ ይቃጠላል ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቀት ይቀበራል። ጥሬ ሥጋ ለሚበላ ወይም ከግቢ ለሚወጣ ውሻ በየ6 ሳምንቱ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት ይሰጣሉ፣ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ሒሳብ። 6 ሳምንት የሆነው ትሉ እንቁላል መጣል የሚጀምረው በዚያ ጊዜ ገደማ ስለሆነ ነው፤ ከዚያ በፊት ከተወገደ ግቢው አይበከልም። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የሰው አልቤንዳዞል ለዚህ ሥራ አይሆንም። በውሻ ላይ የአጥንት መቅኔን ሊጎዳም ይችላል፤ ለቡችላ በግምት የሚሰጠው ሰው ብዙ መሆኑ ያሳዝናል።

ቀዩን ሥጋ በተመለከተ የእኛ አቋም «በማቀዝቀዣ በረዶ አድርገነው እንሰጣለን» የሚል ነው። እሳቸው ግማሹን ይቀበላሉ። ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ 10 ቀን የቆየ ሥጋ ውስጥ ያለውን ብዙውን የትል እጭ ቅዝቃዜው ይገድለዋል፤ ሳልሞኔላ የሚባለውን ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ግን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። መብራት በሚጠፋበት ቤት ደግሞ ያ 10 ቀን በወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚቀረው። ጤነኛ ውሻ ሳልሞኔላ ይዞ ሳይታመም በሰገራው ሊያወጣ ስለሚችል፣ ቤት ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ልጅ፣ ነፍሰ ጡር፣ አዛውንት ወይም በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ካለ ሥጋው ይቀቀል ብለው ይቆርጣሉ። እዚህ ላይ አይለማመጡም፤ እኛም እንዲለማመጡ አንፈልግም።

ከሁሉም የተማርንበት ግን የካልሲየም ጉዳይ ነው። ጥሬውም ሆነ የበሰለው ሥጋ፣ አጥንት ከሌለው፣ ቡችላን ያጎብጣል። 1 ኪሎ ቀይ የበሬ ሥጋ ውስጥ 2 ግራም ያህል ፎስፈረስ አለ፤ ካልሲየሙ 0.1 ግራም ገደማ ነው። በማደግ ላይ ያለ ቡችላ ግን ካልሲየሙ ቢያንስ ከፎስፈረሱ እኩል እንዲሆንለት ይፈልጋል። ሲያጣ ሰውነቱ ከራሱ አጥንት እየወሰደ ደሙን ያሟላል። መጀመሪያ መራመድ ይሰንፋል፣ ከዚያ ያነክሳል፣ የፊት እግሮቹ ይጣመማሉ፣ በመጨረሻም ከሶፋ ዘሎ ሲወርድ አጥንቱ ይሰበራል። ሰው ይህን «ሪኬትስ ነው» (የቫይታሚን ዲ እጥረት የሚያመጣው የአጥንት መለስለስ) እያለ ቫይታሚን ዲ ያስወጋል። የጎደለው ካልሲየም ሆኖ ሳለ መርፌው ችግሩን አይፈታም፤ ሲበዛም ኩላሊት ይጎዳል።

ስሌታቸው ይህ ነው፦ ለ1,000 ኪሎ ካሎሪ የቡችላ ምግብ 3 ግራም ካልሲየም። የእንቁላል ቅርፊት ከሲሶ የሚበልጠው ካልሲየም ስለሆነ 8 ግራም የቅርፊት ዱቄት ይበቃል። ቅርፊቱ 10 ደቂቃ ይቀቀላል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በቡና መፍጫ እንደ ዱቄት እስኪልም ይፈጫል፤ ስባሪው ካልላመ ሆዱ ሳይፈጨው በሰገራ ይወጣል። ይህም ቢሆን ዚንክ፣ አዮዲንና ቫይታሚን ኢ ስለሚጎድሉ ቤት የተሠራ ምግብ ብቻውን ከጥቂት ሳምንት በላይ እንዲቀጥል አይፈቅዱም። ጉበትም ከጠቅላላው ምግብ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ይላሉ፣ የቫይታሚን ኤ መብዛትን ፈርተው።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። የተሟላ ደረቅ የቡችላ ምግብ እየሰጡ በላዩ የልጆች ካልሲየም ሽሮፕ መጨመር። እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያለ ትልቅ ዝርያ እስከ 6 ወሩ ገደማ የተረፈውን ካልሲየም መመለስ አይችልም፤ የገባውን ሁሉ ይወስድና አጥንቱና መገጣጠሚያው ተበላሽቶ ያድጋል።

አጥንት ላይ አሁንም አልተስማማንም። እኛ ጥሬ የዶሮ አንገት ለቡችላ ጥሩ የካልሲየም ምንጭ ነው እንላለን። እሳቸው አንጀት የዘጋ አጥንት በቀዶ ሕክምና ስላወጡ አይሰሙንም። የተቀቀለ አጥንት ግን ተሰንጥሮ አንጀት እንደሚወጋ ሁላችንም እናውቃለን። በእኛ በኩል ያሸነፍነው አንድ ክርክር አለ፦ «ደረቅ ምግብ ግዙ» ሲሉ፣ ከተከፈተ ጆንያ በኪሎ ተመዝኖ የሚሸጠው ምግብ ስቡ እንደሚበላሽና የአገልግሎት ቀኑ እንደማይታወቅ አስረዳናቸው። ተቀበሉ። አሁን ቀኑ የሚነበብ፣ ያልተከፈተ ማሸጊያ ካልተገኘ የተቀቀለውን ይመርጣሉ።

ጥሬ ሥጋ አደገኛ ነው አይደለም እያልን ስንጨቃጨቅ፣ በየቤቱ ቡችላ የሚጎዳው የወጥ ትርፍራፊ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ፣ ቢበስሉም ያው ናቸው። በኪሎ 15 ግራም ያህል ሽንኩርት ለጉዳት ይበቃል፤ 4 ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ አንድ ትንሽ ራስ ሽንኩርት ማለት ነው። ዶሮ ወጥ የነካው እንጀራ ደግሞ ቅቤም ጨውም አለበት።

ቡችላ ሲያስቀምጠው ዶክተራችን ምግቡን ከመውቀሳቸው በፊት ሰገራውን በማይክሮስኮፕ ያያሉ። ጥሬ ሥጋ ስለበላ ብቻ «ይሄ ነው» ብለው አያውቁም፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ወስፋት፣ መንጠቆ ትል ወይም ኮክሲዲያ የሚባለው በዓይን የማይታይ የአንጀት ጥገኛ ነው። ወስፋት ቡችላው ገና በእናቱ ማህፀን ሳለ ስለሚተላለፍ የትል መድኃኒት በ2 ሳምንቱ ይጀመራል፣ እስከ 8 ሳምንት በየ2 ሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ 6 ወር በየወሩ። ሁሌም መዝነው ነው የሚሰጡት።

ማስመለስ፣ ደም ያለውና የሚከረፋ ተቅማጥ፣ ምግብ መጥላትና መድከም አንድ ላይ ከመጡ ግን ነገ አይባልም፤ ፓርቮ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል። የሚገድለው ከሁሉ በላይ የፈሳሽ ማለቅ ነው። ድዱን በጣት ተጭናችሁ ስትለቁት በ2 ሰከንድ ውስጥ መልሶ ካልቀላ፣ ወይም ድዱ ደርቆ ከተጣበቀ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ («ጉሉኮስ» የምንለው) ያስፈልገዋል። የፊንጢጣ ሙቀቱ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው ጤነኛው፤ ከ37.5 በታች ከወረደ ከትኩሳት ይልቅ ያስፈራል። የሚያስመልስን ቡችላ በግድ ማጠጣት ወደ ሳንባው ያስገባበታል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉት የሰው ማስታገሻዎች ጨጓራውን ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ያቆማሉ። ቤቱን በአልኮል ማጽዳት ፓርቮን አይነካውም፤ መጀመሪያ ቆሻሻው በሳሙና ታጥቦ፣ ከዚያ በ3 ሊትር ውሃ 100 ሚሊ ሊትር በረኪና ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ይቆይበታል።

ክትባት ላይ የሚያደርጉት ሁሉም ሐኪም ሊያደርገው የሚገባ ነገር ነው፣ ግን ሁሉም አያደርገውም። ፍሪጁ ውስጥ ያለውን ቴርሞሜትር ያሳዩአችኋል፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት። ብልቃጡን ፊታችሁ ከፍተው፣ ፊታችሁ አሟሙተው ወዲያው ይወጋሉ፤ ተለጣፊውን ደብተሩ ላይ ያደርጋሉ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጀምራሉ፣ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደግማሉ፣ የመጨረሻው ከ16 ሳምንት በፊት እንዲሆን አይፈቅዱም። ከእናቱ ያገኘው መከላከያ የቀደመውን ክትባት ሊያከሽፈው ስለሚችል ነው፤ «ሁለት ጊዜ ተከትቦ ታመመ» የሚባለው አብዛኛው ከዚህ ይመጣል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ ለብቻው ይመዘገባል።

ጉድለታቸውንም እንናገር። ማታ ስልክ አያነሱም፣ ቅዳሜ ወረፋው ረጅም ነው፣ ሲያስረዱም ከሰዓታቸው ያልፋሉ። ዋጋውን ግን ከመጀመራቸው በፊት ይናገራሉ፣ የማያስፈልግ መርፌም አይጨምሩም።

ወደ እሳቸው ስትሄዱ የዕለቱን ሰገራ አንድ ማንኪያ ያህል በንጹህ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ የበላውንም በግራም ጽፋችሁ። ቡችላው እያስመለሰ ወይም እያስቀመጠው ከሆነ በር ላይ ሆናችሁ ደውሉ፣ መኪና ውስጥ መጥተው ያዩታል። ተጠባባቂው ክፍል ውስጥ ክትባቱን ያልጨረሰ የሌላ ሰው ቡችላ ሊኖር ይችላል።