ድረ ገጽ የምታሠሩ ወሎዬዎች፣ «ፖዚሽኑን አሳየኝ» ሳትሉ እንዳትከፍሉ

ሐይቅ ከተማ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ። አምና ደሴ ላለ አንድ ሠሪ 25,000 ብር ከፍዬ ድረ ገጽ አሠራሁ። ናሙናውን ሲያሳየኝ አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። ከላይ የሐይቁ ፎቶ፣ በቀኝ የአልጋ ዋጋ፣ ከታች ስልክ። «አብሽር፣ ሁሉም በእጅህ ነው» አለኝ። ከፈልኩ።

ዘንድሮ «ወደ አዲሱ ልቀይርልህ» ብሎ ነካካው። በማግስቱ የዋጋው ሳጥን የለም። ስደውል «ኢንተርኔቱ ነው» አለ። ሳምንት ቆይቶ «ዲዛይኑ እንደ አዲስ ይሠራ፣ 4,000 ብር» አለ።

የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ኮምፒውተር ነው የምትማረው። ቅዳሜ መጣች፤ ቡናው እስኪፈላ ላፕቶፑን ከፈተች። የተሠራው ጁምላ በሚባል የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ነው። (ስሙ ከስዋሂሊ የመጣ ነው፣ «ሁሉም ባንድ ላይ» እንደማለት። የገበያችን «ጅምላ» ዘመዱ ነው። ጁምላ በነፃ እንደሚወርድ የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው።)

ቴምፕሌት የሚባለው የገጹ ቅርጽ ነው፤ ክፍሎቹ ቀድመው የተከፋፈሉ ማረፊያ በሉት። እያንዳንዱ ክፍል ስም አለው፤ ፖዚሽን ይሉታል። ባነር፣ ሳይድባር ራይት፣ ፉተር። ዋጋዬን የያዘው ሳጥን ደግሞ ሞጁል ነው፤ እንግዳው በሉት። የእኔ እንግዳ የያዘው ቁልፍ «ፖዚሽን 7» ይላል። ይህ በአሮጌው ቴምፕሌት፣ በፕሮቶስታር፣ የቀኙ ክፍል ነው። ሰውየው በቀየረው አዲሱ ቴምፕሌት፣ በካሲዮፔያ ላይ ግን ፖዚሽን 7 የሚባል ክፍል የለም። ሳጥኑ አልጠፋም። «ይታይ» የሚለው አረንጓዴ ምልክቱ በርቶ ደጅ ቆሟል። ልጅቷ ከዝርዝሩ ሳይድባር ራይትን መርጣ ሴቭ አለች። ዋጋው ተመለሰ። አቦሉ ገና አልተቀዳም ነበር።

ለነገሩ መጀመሪያ የሸጠልኝም ጁምላ 3 ነው። የእሱ ድጋፍ ነሐሴ 2015 ላይ አብቅቷል። አሮጌ እቃ ነው ያሸከመኝ።

ስለዚህ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት የፖዚሽን ማሳያውን አብራ በሉት። ከአድራሻው መጨረሻ የጥያቄ ምልክት፣ ቲፒ፣ የእኩል ምልክት፣ 1 ይጻፍ። ክፍሎቹ ከነስማቸው ገጹ ላይ ይወጣሉ። ከዚያ አንዱን ሳጥን ራሳችሁ ከቀኝ ወደ ታች አዛውሩ። «ተወው፣ እኔ ላድርግልህ» ካለ ጠርጥሩ።

የስልኩ ነገር ይብሳል። ስልኬን ሞጁል ውስጥ አላስቀመጠውም፤ ቴምፕሌቱ ፋይል ውስጥ በኮድ ጽፎታል። ግድግዳ ላይ ለስኖታል ማለት ነው። ለእኔ የተሰጠኝ መግቢያ ሞጁል ያስተካክላል እንጂ ያንን ፋይል አይከፍትም። ለዚያ ሱፐር ዩዘር፣ የሁሉም ቁልፍ ያለው ተጠቃሚ፣ መሆን ያስፈልጋል፤ እሱን ለራሱ አስቀርቶታል። ስልክም አያነሳም። እናንተ ሱፐር ዩዘርነቱ የእናንተ እንዲሆን ውሉ ላይ አስጽፉ።

ሲም ካርዴን ከቀየርኩ ሦስት ወሬ ነው። ሐይቅ የምትመጡ ካላችሁ ድረ ገጹ ላይ ባለው ስልክ አትደውሉ።