ሲማ ኤስ107ጂ፦ ለጀማሪ የምመክራት ሄሊኮፕተር

በሪሞት የምትበር ሄሊኮፕተር መልመድ ለሚፈልግ ሰው ሳላመነታ ሲማ ኤስ107ጂን ነው የምመክረው። ሁለቱ የላይ ክንፎቿ ተደራርበው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚዞሩ፣ ውስጧም ጋይሮ (ያለፍላጎት መዞሯን እያወቀ የሚያስተካክል መሣሪያ) ስላላት፣ እንደ ሌሎቹ ዝም ብላ አትሽከረከርም፤ የሪሞቱን የግራ ዘንግ ቀስ አድርጋችሁ ከፍ ስታደርጉት ከምንጣፉ ትነሳና አየር ላይ ቀጥ ትላለች። ደስ ሲል!

መጀመሪያ ጭራዋን ወደ እናንተ አድርጋችሁ ልመዱ። ፊቷን ስታዞርላችሁ ግራና ቀኙ ይገለበጥባችኋል፣ እሱን አትቸኩሉበት። አንዴ ቻርጅ ከተደረገች 8 ደቂቃ አካባቢ ትበራለች፣ ሪሞቱ ግን 6 የባትሪ ድንጋይ ይፈልጋል። ወደ ጎን መሄድ አትችልም። ሲግናሏ ኢንፍራሬድ (በዓይን የማይታይ ብርሃን) ስለሆነ ፀሐይ ያስቸግራታል፣ ትንሽ ንፋስም ይዟት ይሄዳል፤ ስለዚህ ሳሎን ውስጥ አብርሯት። ክንፏ ቢሰበር መለዋወጫው ኦንላይን በሽ ነው።