«ማዘር፣ ሎጉን ይዘው ይምጡ»፦ የስድስት ኪሎውን የሊኑክስ ልጅ ላመስግን

ሰው በአደባባይ ማመስገን ብዙም አይሆንልኝም። የማመሰግነው ግን ሊኑክስ ላይ (በዊንዶውስ ፈንታ ላፕቶፕ ላይ የሚጫነው ነጻ ሲስተም ነው) አልሠራ ያለ ፕሮግራም የሚያስተካክል ልጅ ነው። ይኼን ጽሁፍም ሦስት ሳምንት ሙሉ «ነገ እጽፈዋለሁ» እያልኩ ሳሳድረው ቆየሁ። ትናንት ግን አንዲት የክፍል ጓደኛዬ እኔን ሲያስለቅሰኝ የከረመው ነገር አሁን እሷን እያስለቀሳት መሆኑን ስትነግረኝ አፈርኩ። መፍትሔው እጄ ላይ እያለ ዝም ማለቴ ነው። ስለዚህ ረዘም ቢልባችሁም ታገሱኝ።

ነገሩ ደብልዩ አር ኤፍ ይባላል። የአየር ሁኔታ ትንበያ ሞዴል ነው፤ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ቦልደር ከተማ ካለው የከባቢ አየር ምርምር ማዕከል በነጻ ይገኛል። እኛ አገር በውሃ ወይም በአየር ንብረት ሁለተኛ ዲግሪ የሚሠራ ብዙ ሰው አንድ ቀን ይገጥመዋል። የእኔ ርዕስ የጣና ዙሪያ የክረምት ዝናብ ነውና ገጠመኝ። ነጻ ነው ስላችሁ እንደ ኦፊስ ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ የምትጭኑት እንዳይመስላችሁ። የሚመጣላችሁ በአብዛኛው ፎርትራን በሚባል የኮድ ቋንቋ የተጻፈ ጥሬ ኮድ ነው። እንጀራ አዝዞ ጤፍ በጆንያ እንደመቀበል ቁጠሩት፤ አበጥራችሁ፣ አስፈጭታችሁ፣ አቡክታችሁ፣ ምጣዱንም ራሳችሁ ጥዳችሁ ነው። ምጣድና አክንባሎ የሚሆኑት ላይብረሪዎች (ሞዴሉ የሚጠቀምባቸው የተዘጋጁ ኮዶች) ደግሞ ቀድመው፣ በቅደም ተከተል ካልተጫኑ ሊጡ ቡኮ ይቀራል።

እኔ አርባዎቹን የጀመርኩ፣ ሁለት ልጆች ያሉኝ፣ ቀን ቀን መሥሪያ ቤት የምውል ሰው ነኝ። ተርሚናል የሚባለውን ጥቁር መስኮት ያየሁት አምና ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግኩት ሁላችሁም የምታደርጉትን ነው፦ ለሚችል ሰው ከፈልኩ። የዚያን ሰው ስም አላነሳም። 6,000 ብር ተቀብሎ ላፕቶፔን ዘጠኝ ቀን አቆይቶ ሲመልስልኝ «ሁሉም ተጭኗል፣ የቀረው ኮምፓይል ማድረግ ብቻ ነው» አለኝ። ኮምፓይል ማለት ጥሬውን ኮድ ኮምፒውተሩ ወደሚያሄደው ፕሮግራም መቀየር ነው፤ የሚቀይረው ኮምፓይለር ይባላል። ያኔ አልገባኝም እንጂ፣ ቤቱ አልቋል የቀረው ግድግዳና ጣሪያ ነው እንደማለት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ሳምንት አላስታውሰው ቢባል ደስ ይለኛል። ልጆቹ ሲተኙ እቀመጣለሁ፣ ኮምፓይል የሚለውን ትእዛዝ እሰጣለሁ፣ ስክሪኑ አርባ ደቂቃ ያህል ፊደል ያዘንባል፣ መጨረሻ ላይ ምንም የለም። መፈጠር የነበረባቸው ፋይሎች የሉም። እንደገና። ሰውየው ስልክ ማንሳት ካቆመ ቆይቷል።

የሊኑክሱን ልጅ ስልክ ቁጥር የሰጠኝ ከእኔ ቀድሞ የጨረሰ ተማሪ ነው። ስደውል ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «ማዘር፣ ላፕቶፑን ብቻ ይዘው እንዳይመጡ፣ ሎጉንም ይዘው ይምጡ» አለኝ። (ማዘር መባሉን እስካሁን አልተዋጠልኝም። ግን እሺ።) ሎግ ማለት ያ በስክሪኑ ላይ የሚዘንበው ጽሁፍ በፋይል ተቀምጦ ማለት ነው። አላስቀመጥኩትም ነበር። «እንግዲያው ዛሬ ማታ አንዴ ያሂዱትና ውጤቱን ወደ ፋይል ይላኩት» ብሎ ትእዛዙን በቴሌግራም ጻፈልኝ። ያለ ሎግ ላፕቶፕ አይቀበልም። ያኔ ትዕቢት መስሎኝ ነበር።

ቤቱ ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ ታች ፎቶ ኮፒ ቤት ያለበት ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ፋይሉን ከፈተ። እኔ ወደ መጨረሻው መስመር ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ ወደ ላይ ወጣ። «ሰው ሁሉ የመጨረሻውን መስመር ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። መጨረሻ ላይ ያለው ልቅሶው ነው፤ ማን እንደሞተ ለማወቅ ወደ ላይ መውጣት ነው» አለኝ። ደብልዩ አር ኤፍ ሲገነባ ስህተት ሲገጥመው አይቆምም ለካ፤ ያችን ፋይል ዘሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ስለዚህ አንዲት ፋይል ስትወድቅ በእሷ ላይ የተደገፉት ሁሉ ተራ በተራ እየወደቁ፣ መጨረሻ ላይ የምታዩት ሬሳ ብቻ ነው። እሱ «ኤረር» የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈበትን ቦታ ፈልጎ በጣቱ ነካልኝ። አንዲት መስመር ናት። የኔትሲዲኤፍን የሞጁል ፋይል ማንበብ አልቻልኩም፣ በሌላ የፎርትራን ኮምፓይለር እትም የተሠራ ነው ትላለች።

ኔትሲዲኤፍ የአየር ንብረት መረጃ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት ነው፤ ሞዴሉ ያለ እሱ ላይብረሪ አፉን አይከፍትም። ላይብረሪው ሲገነባ ኮምፓይለሩ ለሌሎች ፕሮግራሞች የሚተውላት ትንሽ የማስታወሻ ፋይል አለች። ጂፎርትራን የሚባለው የፎርትራን ኮምፓይለር እትም 7 የጻፋትን ማስታወሻ ከ8 ጀምሮ ያሉት አያነቧትም። የእኔ ሊኑክስ ኡቡንቱ የሚባለው ዓይነት፣ እትም 20.04 ነው፣ ያለው ጂፎርትራን 9 ነው። ታዲያ 7 ከየት መጣ?

እዚህ ላይ ነው ልጁን ያደነቅኩት። ያ የመጀመሪያው ሰውዬ ላይብረሪውን የገነባበትን ፎልደር ፈልጎ አገኘና «ኮንፊግ ሎግ» የምትባል ፋይል ከፈተ። ኮንፊገር (ከግንባታ በፊት ኮምፒውተሩን የሚፈትሸው ትእዛዝ) በተባለ ቁጥር ሳይጠየቅ የሚጽፋት ማስታወሻ ናት፤ ማን ምን ትእዛዝ እንደሰጠው፣ የትኛውን ኮምፓይለር እንዳገኘ፣ ምን እንደሞከረ ሁሉ ተጽፎባታል። እንደ ቤት ሠራተኛ ምስክር ናት፣ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ታውቃለች። እዚያ ላይ ኮምፓይለሩ አናኮንዳ (ፓይተን የሚባለውን የኮድ ቋንቋ ከነመሣሪያዎቹ የሚጭን ጥቅል) ፎልደር ውስጥ ያለው፣ እትም 7 መሆኑ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ሰውየው ለፓይተን ብሎ አናኮንዳ ጭኖልኛል፤ በዚያው አናኮንዳ በበራበት ተርሚናል ላይብረሪዎቹን ገንብቷል። እኔ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ባነበብኩት መመሪያ መሠረት አናኮንዳን አጥፍቼ በኡቡንቱው ኮምፓይለር ሞዴሉን እገነባለሁ። ድስቱ የአንዱ ቤት፣ ክዳኑ የሌላው።

«ዊች» የምትባል ትእዛዝ አስተማረኝ። የፕሮግራም ስም ትሰጧታላችሁ፣ አሁን ብትጠሩት የሚመጣው ከየትኛው ፎልደር እንደሆነ ትነግራችኋለች። ዛሬ ማንኛውንም ነገር ከመጫኔ በፊት የምጽፈው እሷን ነው።

ለእውነቱ ያ ሰውዬ ሁሉንም አላበላሸም። ኡቡንቱ ላይ በራሱ የማይመጣውን ሲ ሼል የሚባል ትእዛዝ አስፈጻሚ ፕሮግራም ጭኖልኝ ነበር፤ ያለ እሱ የደብልዩ አር ኤፍ ኮምፓይል ስክሪፕት ከነጭራሹ አይነሳም። ልጁም ይኼን አይቶ «ይኼ ሰው ሥራውን ያውቃል፣ ቸኩሎ ነው» አለ። የባልደረባውን ስም ሳያጠፋ ማለፉን ወደድኩለት። እኔ ግን ያን ያህል ደግ አይደለሁም፤ 6,000 ብሬ አሁንም ይቆጨኛል።

ጥገናው እንዲህ ነው የሄደው። አናኮንዳ ተርሚናል በተከፈተ ቁጥር ራሱን እንዳያበራ አደረገ፤ አላጠፋውም፣ ስፈልገው እጠራዋለሁ። ከዚያ ቤቴ ፎልደር ውስጥ አንድ አዲስ ፎልደር ከፈተና ሁሉንም ላይብረሪ እዚያ ብቻ ማስቀመጥ ጀመረ። ኮንፊገር «ፕሪፊክስ» የሚባል አማራጭ አለው፤ ዕቃዬን የት ላኑር ለሚለው ጥያቄ መልሱ ነው። ካልነገራችሁት የሲስተሙ ፎልደር ውስጥ ይገባና ከሌላው ጋር ይደባለቃል። «ሱዶ ሳይሉ የሚሠራውን በሱዶ አይሥሩ» ይላል፤ ሱዶ ትእዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስፈጽም ቃል ነው። ቢበላሽ አንድ ፎልደር ጥሎ እንደገና መጀመር ነው፣ ሌላው አይነካም።

የላይብረሪዎቹ ቅደም ተከተል ዚሊብ፣ ኤችዲኤፍ 5፣ ኔትሲዲኤፍ ሲ፣ ኔትሲዲኤፍ ፎርትራን። የኋለኛው በፊተኛው ላይ ነው የሚቆመው፤ ሁለቱ ኔትሲዲኤፎች ደግሞ አንድ ፎልደር ውስጥ መሆን አለባቸው፣ ሞዴሉ የሚፈልጋቸው በአንድ አድራሻ ነውና። ለእያንዳንዳቸው ኮንፊገር፣ ሜክ፣ ሜክ ቼክ፣ ሜክ ኢንስቶል። ኮንፊገር ገበያ ከመሄድ በፊት ጓዳ ማየት ነው አለኝ፦ ምን አለ፣ ምን ጎደለ ብሎ አስሶ የሥራ ትእዛዝ ይጽፋል። ሜክ ትእዛዙን እያነበበ ይገነባል። ሜክ ቼክን ሰው ሁሉ ይዘላል፤ እሱ አይዘልም፣ ኤችዲኤፍ 5 ላይ እስኪያልቅ ማኪያቶ ጠጥተን ተመልሰናል። ሜክ ራሱ በፈረንጅ 1976 ቤል ላብስ ውስጥ ስቱዋርት ፌልድማን የሚባል ሰው የሠራው ነው፤ እኔ ሳልወለድ። እስካሁን የትእዛዙ መስመር በታብ ካልጀመረ አልቀበልም ይላል። ከቴሌግራም የገለበጥኩት ፋይል ታቡ ወደ ክፍት ቦታ ተቀይሮ ያን ሰሞን እንዴት እንዳሰቃየኝ ብነግረው እስኪበቃው ሳቀ።

ከዚያ የሞዴሉ የራሱ ኮንፊገር መጣ። ረጅም የቁጥር ዝርዝር ያወጣና «ምረጪ» ይላችኋል። የእኔ መልስ 34 ነበር፣ በጂፎርትራን በብዙ ፕሮሰሰር እንዲሠራ የሚያደርገው። ቀጥሎ ስለ ኔስቲንግ (በሰፊው አካባቢ ውስጥ ጠበብ ያለውን በዝርዝር ማስላት) ሲጠይቅ 1። ቁጥሩን በቃላችሁ አትያዙ፣ የተጻፈበትን አንብቡ፤ ኮምፓይለራችሁ ሌላ ከሆነ መስመሩም ሌላ ነው። ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም ስለሆነ ባንዴ ሁለት ሁለት ፋይል ብቻ እንዲገነባ አደረገው፤ «አራት ብንለው ይታነቃል» ብሎ። መሀል ላይ መብራት ሄደ። ታች ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ጸጥ አለ፣ እኛ በባትሪ ቀጠልን፣ ባትሪው 41 ከመቶ ላይ እያለ ግንባታው አለቀ። ዝርዝሩን ሲጠራ አራት ፋይል ወጣ፦ ደብልዩ አር ኤፍ፣ ሪል፣ ኤንዳውን፣ ቲሲ። አምስት ሳምንት የፈለግኳቸው አራት ስሞች። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ልጁ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አሁን ያጥፉት።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሞዴሉን ሙሉ በሙሉ የሚያጸዳውን ትእዛዝ እንድጽፍ አደረገኝ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ጻፍኩ፣ አራቱም ጠፉ። «አሁን ከመጀመሪያው እርስዎ ይሥሩት፣ እኔ አልነካም» ብሎ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ። ተናደድኩ፣ እውነቱን ልናገር። ከፍዬ መማር ሳይሆን ከፍዬ ማሠራት ነበር የመጣሁት። አንድ ቦታ ላይ የኔትሲዲኤፍን አድራሻ ሳልነግረው ኮንፊገር አልኩና ጮኸብኝ። ዞር ሳይል «ያንብቡት፣ የሚፈልገውን ጽፎልዎታል» አለኝ። አነበብኩት። ጽፎልኛል። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አራቱ ፋይሎች ተመለሱ፤ በእኔ እጅ።

ይኼ ነገር ጥቅሙ የገባኝ ከአሥር ቀን በኋላ ነው። አማካሪዬ ሥራውን ወደ ሌላ ማሽን አዛውሪ አለኝ፤ ማንንም ሳልጠራ በአንድ ቅዳሜ ጨረስኩት።

ሂሳቡ ደግሞ፦ በስልክ 8,000 ተስማምተን ነበር። ሲጨርስ 5,000 ብቻ ጠየቀ። «8,000 ያልኩት ሲስተሙ በሙሉ ተበላሽቶ ከሆነ ብዬ ነው፤ አልተበላሸም» አለ። ጨምሬ ልሰጠው ብል እምቢ አለ፣ የማኪያቶውን ግን አስከፈለኝ። ለዚህ ሞዴል የሚያስፈልገው የመሬት ገጽታ መረጃ ሲፈታ 29 ጊጋ ያህል ነው፤ በቤቴ ኢንተርኔት ሳምንት ይፈጅብኝ የነበረውን በፍላሽ ሰጠኝ።

እንከን የለበትም አልልም። ጠዋት ከአምስት ሰዓት በፊት ስልክ አያነሳም፤ አምስት ጊዜ ብትደውሉ አምስቱም ይጠራል። ቀጠሮ ያረፍዳል፣ እኔን አርባ ደቂቃ ደረጃ ላይ አቁሞኛል። ሲያስረዳ ይፈጥናል፣ «ቀስ በል ልጄ» ማለት የእናንተ ፋንታ ነው። «አሂደህ ውጤቱን አምጣልኝ» የምትሉት ካላችሁ ደግሞ አትድከሙ። እኔ እያለሁ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ዳጎስ ያለ ብር ሲያቀርብለት «ዲግሪው የማን ነው?» ብሎ መልሶታል። የተሰረቀ ዊንዶውስም አይጭንም።

የምትጭኑት እንደ እኔ ደብልዩ አር ኤፍ ባይሆንም፣ ከጥሬ ኮድ የሚጫን ማንኛውም ነገር ሊኑክስ ላይ አልገነባ ያላችሁ ሂዱ። ስትሄዱ የኡቡንቱ እትማችሁን፣ የገነባችሁበትን ፎልደር ሳታጠፉ፣ ሎጉንም ሙሉውን ያዙ። የስክሪን ፎቶ ይዛችሁ ብትሄዱ ይመልሳችኋል። ቁጥሩ እዚህ እንዲለጠፍ ስላልፈለገ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ለየብቻ እሰጣችኋለሁ። ከእኔ መሆኑን ንገሩት፣ «ማዘር ላከችኝ» ካላችሁት ያውቃል።

አንተም ይኼን ካየኸው፦ ፍላሽህ እኔ ጋ ነው። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ አመጣልሃለሁ፤ ደረጃው ላይ እንዳታቆመኝ።